“አትድከሚ” ማለት ሁሉ መውደድ አይደለም

ባለፈው ሰሞን ከከሚሴ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ጸሓፊው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ወጣት ነው። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ተወልዳ ያደገች የአክስቱ ልጅ ለዒድ በዓል ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣለች። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል የሳንባና የሆድ ዕቃ ሕመም አለባት። ነገር ግን በስልክ ስትናገር፥ “ጧት ጧት እሮጣለሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ብረት አነሣለሁ፤ ሐኪሜ ያዘዘኝ ነው” ትላለች። ይህን ሲሰማ የቤቱ ሰው ሁሉ ደነገጠ። አያትየዋም፥ “ሳንባዋ የታመመ ልጅ እንዴት ትሮጣለች? እዚህ ስትመጣ መደብ ይነጠፍላት፤ የውሃ ጣሳ እንኳ እንዳታነሣ” ብለው ለቤተ ሰቡ ትእዛዝ ሰጡ። ወጣቱ ታዲያ፥ “ትክክሉ ማን ነው? ሐኪሙ ነው ወይስ አያቴ?” ብሎ ይጠይቀናል።

መልሱን ከማስረዘም በፊት አስቀድመን እንንገርህ፤ ትክክሉ ሐኪሙ ነው። ሆኖም አያትህ በከንቱ አልፈሩም። የቦርከና ሸለቆ ሙቀት ለዚህች ልጅ በእርግጥ የሚያሠጋት አንድ ነገር አለው። እርሱም ሩጫው ሳይሆን ላቡ ነው። ይህን ለመረዳት ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

በሰው ሰውነት ውስጥ የጨውንና የውሃን መተላለፊያ የምትጠብቅ አንዲት በር አለች እንበል። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተያዘ ሰው ይህች በር ከፍጥረቱ ጀምሮ በደንብ አትሠራለትም። በዚህም ምክንያት በሳንባው ውስጥ ያለው ቀጭን እርጥበት እንደ ሙጫ ይወፍርና የአየሩን ቧንቧ ይደፍናል፤ በዚያም ውስጥ ተህዋስያን ይራባሉ። ጣፊያ አጠገብ ያለው ምግብ የሚያፈጨው ዕጢም ይዘጋና የተበላው ቅባት ሳይፈጭ ይወጣል። ላቡ ደግሞ ከሌላው ሰው ላብ ይልቅ እጅግ ጨዋማ ይሆናል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የቡዳም የእርግማንም ሥራ አይደለም። አባትና እናት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የተበላሸ ዘር ሲይዙ እነርሱ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው፤ ሆኖም በሚወለደው ልጅ ሁሉ ላይ ከአራት አንድ ያህል ዕድል ሕመሙ ይወጣል። ስለዚህ የልጅቱን ብርጭቆ መለየት አያስፈልግም።

በሰሜን አውሮፓ የነበሩ የጥንት ሰዎች፥ “ግንባሩ ሲሳም ጨው ጨው የሚል ሕፃን አያድግም” ይሉ ነበር። እንግዲህ አያቶች አንዳንድ ጊዜ ከሐኪም ይቀድማሉ ማለት ነው። ሐኪሞች ሕመሙን ለይተው ያወቁት በ1938 ሲሆን፥ ያወቀችውም የኒው ዮርኳ ዶክተር ዶሮቲ አንደርሰን ናት። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1948 በኒው ዮርክ ታላቅ ሙቀት ሆነ። በዚያን ጊዜ በሙቀቱ ተዝለፍልፈው ወደ ሆስፒታል ከመጡት ልጆች ውስጥ ይህ ሕመም ያለባቸው በዝተው ስለ ታዩ፥ ዶክተር ፖል ዲ ሳንት አኜዜ ነገሩን መረመረ። በላባቸው የሚወጣው ጨው ከጤነኛው ሰው ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ ሆኖ አገኘው፤ ይህንም በ1953 አሳተመ። በ1959 ጊብሰንና ኩክ የተባሉ ሊቃውንት ላብን ከክንድ ላይ ሰብስበው ጨውን የሚለኩበትን ዘዴ አወጡ። እስከ ዛሬም በአንድ ሊትር ላብ ውስጥ 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ክሎራይድ ከተገኘ ሐኪሙ ይህን ሕመም ይጠረጥራል። በሰባተኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው የተበላሸው ዘር ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1989 ነው።

አሁን ወደ ጡንቻ እንመለስ። የቤተ ሰቡ ሐሳብ እንዲህ ይመስላል፦ ሳንባ ከደከመ ሰውነት ይረፍ፤ ሰውነት ካረፈ ሳንባም ያርፋል። ሐሳቡ ከመውደድ የመጣ ነው፤ ሲሰሙትም ልክ ይመስላል። ነገር ግን ሰውነት የሚሠራው በዚህ ዐይነት አይደለም።

ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይቀጥናል። ከሁሉ በፊት የሚሳሳው የጭን ጡንቻ ነው። የቀጠነ ጡንቻ በጥቂት ሥራ ቶሎ ይቃጠላል። ተቃጥሎም አሲድ ያወጣል፤ ሰውነትም ይህን ለማጥፋት ትንፋሽን ያፋጥናል። ስለዚህ ደካማ ጭን ያለው ሰው አንድ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ሳንባው ስለ ታመመ ብቻ ሳይሆን እግሩ ስለ ሰነፈም ጭምር ነው። ሲያለከልክ ይፈራል፤ ሲፈራ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ጡንቻው ከቀድሞው ይልቅ ይሳሳል። በሚቀጥለው ወር ያው ደረጃ ተራራ ይሆንበታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፥ ዕረፍትም ሲበዛ ሰውን እያሳሳቀ ይወስደዋል።

የሠለጠነ ጡንቻ ግን በዚያው አየር ብዙ ሥራ ይሠራል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው” ይባል የለምን? ጡንቻም እንዲሁ ነው። ክሩ ሲወፍርና የደም ሥሩ ሲበዛ ሸክሙ ይከፋፈላል፤ ሳንባውም የሚጠየቀው ግብር ይቀንስለታል። ከዚህም በላይ ሲሮጡ የሚመጣው ጥልቅ ትንፋሽ ወፍራሙን አክታ ከቧንቧው ግድግዳ ያላቅቀዋል። አክታውን አስሎ ለማውጣት ደግሞ የሆድ ጡንቻ ያስፈልጋል፤ ጉልበት የሌለው ሰው በደንብ መሳል እንኳ አይችልም። ይህ ሲባል ግን ሐኪም ያዘዘው የአክታ ማስወጫ ልምምድ ይቅር ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

“ይህ ሁሉ ቃል ብቻ ነው ወይስ ተለክቷል?” ብለህ እንደምትጠይቅ እናውቃለን፤ ተማሪ እንዲህ ሊጠይቅ ይገባዋልና። ተለክቷል። በ1992 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 109 ሕመምተኞችን ስምንት ዓመት ተከታተለ። በመጀመሪያ ሁሉንም በብስክሌት መሰል መሣሪያ ላይ አስቀምጦ እስኪደክማቸው በማስነዳት የሚወስዱትን ኦክሲጅን ለካ። ከስምንት ዓመት በኋላ ብርቱዎች ከነበሩት ከመቶ 83ቱ በሕይወት ተገኙ፤ ከመካከለኞቹ ከመቶ 51፥ ከደካሞቹ ግን ከመቶ 28 ብቻ ቀሩ። አስተዋይ አንባቢ፥ “ብርቱ የሆነው ሕመሙ የቀለለለት ስለ ሆነ ይሆናል” ሊል ይችላል። ሊቃውንቱም ይህን አስበው የሳንባን አቅም፥ ዕድሜንና ሌላውን ሁሉ በሒሳብ አስተካከሉ፤ ልዩነቱ ግን ከዚያ በኋላም አልጠፋም። እርግጥ ነው፥ እንዲህ ያለ ክትትል ብቻውን ሩጫ ዕድሜ ያረዝማል ብሎ አያስፈርድም።

ስለዚህ በአውስትራልያ፥ በሲድኒ ከተማ፥ ተሠርቶ በ2002 የታተመውን ሌላ ሥራ እንመልከት። በሆስፒታል የተኙ 66 ልጆች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ክፍል የሩጫና የብስክሌት፥ ሁለተኛው የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ሲሠራ፥ ሦስተኛው እንደ ተለመደው ታከመ። የሯጮቹ ክፍል በትንፋሽ ብርታት በለጠ። ክብደት ያነሡት ደግሞ ሥጋቸው ጨመረ፤ የእግራቸውም ጉልበት፥ የሳንባቸውም አቅም ተሻሻለ። ከዚህ የምንማረው ሁለቱም ዐይነት እንደሚያስፈልግ ነው። የአክስትህ ልጅ ሐኪምም ሩጫንና ብረትን አጣምሮ ማዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም።

በቅርቡ ደግሞ የተበላሸችውን በር ራሷን የሚያግዙ ኪኒኖች ወጥተዋል። የመጀመሪያው በ2012፥ ሦስት መድኃኒት የተጣመረበት ደግሞ በ2019 በአሜሪካ ተፈቀደ። ብዙ ሰው በእነርሱ ቀድሞ የማያውቀውን ትንፋሽ አግኝቷል። በ1938 አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው ይሞቱ የነበሩት፥ ዛሬ መድኃኒቱ በሚገኝበት አገር ከሃምሳ ዓመት በላይ እንደሚኖሩ ይገመታል። ግን ኪኒኑ ለሁሉም የዘር ብልሽት አይሠራም፤ ከአፍሪካ ዘር ለሆኑት ሰዎች የማይሠራበት ጊዜ ይበዛል። በአሜሪካ የተቈረጠለትም ዋጋ በዓመት ከ300000 ዶላር በላይ ነው። ደግሞም ኪኒን በሩን ይከፍታል እንጂ ጡንቻን አይሠራም። ጡንቻ በሥራ እንጂ በግዢ አይገኝም።

እንግዲህ ልጅቱ ከሚሴ ስትደርስ ቤተ ሰቡ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ስለ ሙቀቱ። ሌላው ሰው ሲያልበው ውሃው ከጨው ይልቅ ስለሚወጣ ደሙ ጨዋማ ይሆንና ይጠማዋል። እርሷ ግን ጨውንም ውሃንም አብራ ስለምታጣ ጥማቱ ዘግይቶ ይመጣል። “ሲጠማት ትጠጣለች” ብሎ መተው ስለዚህ አደገኛ ነው። በሰዓት ቈጥራ ትጠጣ፤ በመጠጧም ጨው ይኑርበት። በየጤና ጣቢያው የሚገኘው የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ለዚህ ይረዳል፤ መጠኑን ሐኪሟ ይንገራት። ልምምዷን ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል፥ ፀሐይ ሳትበረታ ትጀምር። ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ ወይም የጡንቻ መኰማተር ቢመጣባት ቶሎ ወደ ጥላ ትግባ፤ ጨው ያለበት ትጠጣ፤ ካልቀለላት ሆስፒታል ትወሰድ።

በአገራችን አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ስንት ዘመን እንደ ኖረ ታውቃለህ። አፋሩ፥ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኙበት በባቲ የሰኞ ገበያ ጨው ምን ያህል ክቡር እንደ ነበረ ሽማግሌዎችን ጠይቅ። ለዚህች ልጅ ጨው ዛሬም ገንዘቧ ነው፤ በላቧ ታወጣዋለች፥ በምግቧም መተካት አለባት። ወጡ ጨው ቢበዛበት “ጤና አይሆንሽም” አይበሏት፤ ያ ምክር የደም ግፊት ላለበት ጐረቤት ይሁን።

ሁለተኛ ስለ አየሩ። መሮጫዋ የከባድ መኪና ጢስ ከሚበዛበት ከደሴው አስፋልት ራቅ ያለ ይሁን። ማድ ቤት ውስጥ ጢስ ሲጨስ አትቀመጥ፤ ቡናውም በደጅ ይፈላ፤ ዕጣኑ ይቅርላት። ሲጋራ የሚጨስበት የጫት መቃሚያ ክፍል ለእርሷ መርዝ ነው። የሻገተ ድርቆሽና የከብት በረት የሻጋታ ብናኝ ስላላቸው፥ በጨፋ ሜዳ ከብቶቹን ከሩቅ ታይ እንጂ ድርቆሽ አትሸከም። ለዒድ ሊጠይቃት ከሚመጣው ዘመድ መካከል ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ቢኖር ሰላምታውን በስልክ ያድርግ። ይህ ነውር አይደለም፤ አክብሮት ነው።

ሦስተኛ ስለ ምግቡ። ቅቤውና ወተቱ፥ የግመሉም ቢሆን ተፈልቶ፥ ይቅረብላት፤ ከቅባት ምግብ ጋራ የምትውጠውን የማፍጫ ኪኒን እንዳትረሳ ግን አስታውሷት። ያልተፈጨ ምግብ ጡንቻ አይሆንምና። የጾም ወር ላይ ደርሳ ብትመጣም፥ የታመመ ሰው ከጾም ነጻ መሆኑን ሼሆቹ ራሳቸው ያስተምራሉ።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ “እንዲህ ያለ ሕመም በእኛ ቤት የለም፤ ይህ ሁሉ ለአንዲት እንግዳ ነውን?” ብለህ እንዳትዘልለው እንለምንሃለን። ይህ ሕመም በአውሮፓ ዘር ይብዛ እንጂ በአፍሪካም አለ። በእኛ አገር ግን የላብ ምርመራው በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ልጁ ስም ሳያገኝ ይቀራል፤ ሲያስለው “ነቀርሳ ነው”፥ ሲከሳ “የምግብ እጥረት ነው” እየተባለ ያልፋል። ስለዚህ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደረቱን ደጋግሞ የሚታመም፥ በደንብ እየበላ የማይፋፋ፥ ሰገራው ቅባት ያለውና እጅግ የሚሸት፥ ላቡ ሲደርቅ በግንባሩ ላይ ነጭ ጨው የሚተው ልጅ ያየህ እንደ ሆነ ወላጆቹን ምከር፤ ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል፥ ከዚያም ወደ ሕፃናትና ሳንባ ሐኪሞች ይላክ። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሐኪሞች አሉ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የአካል ልምምድ ሐኪሞችን፥ ማለትም ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስተምራል።

ሁለተኛውና ሰፊው ነገር ይህ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት መድኃኒቱን ጨርሶ የዳነ፥ ነገር ግን ሳንባው ጠባሳ የቀረበት ሰው በየሰፈሩ አለ። አስም ያለበትም አለ። ለእነዚህም የሚባለው ያው ቃል ነው፤ “አረፍ በል፤ አትድከም”። እነርሱም በዚያው አዙሪት ውስጥ ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ፥ ይሳሳሉ፥ ያለከልካሉ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለው ሰው በመጀመሪያ ይመርመር፤ የነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። ሕክምናውን ከጨረሰና ሐኪሙ ከፈቀደለት በኋላ ግን ጡንቻውን ሊያነሣ ይገባዋል። ለዚህም ብዙ ወጪ የለበትም።

በመጀመሪያ ራሱን ይለካ። በግድግዳ የተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ እጁን ሳይጠቀም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ሊነሣና ሊቀመጥ እንደሚችል ይቍጠርና ቀኑን ጨምሮ በደብተር ይጻፈው። ከዚያ በቀን 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ በእግሩ ይሂድ፤ በየሳምንቱም 2 ደቂቃ ይጨምር። ከአሥር ሳምንት በኋላ 30 ደቂቃ ይደርሳል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 150 ደቂቃ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ለዐዋቂ ሰው ሁሉ ዝቅተኛ አድርጎ ያወጣው መጠን ይኸው ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል። ፍጥነቱ ልክ የሚሆነው መናገር እየቻለ መዝፈን ሲያቅተው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ ያጠንክር፤ ከወንበር መነሣት፥ ግድግዳን በሁለት እጅ መግፋት፥ ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ የአምስት ሊትር ጀሪካን፥ ማለት ሁለት ኪሎ ተኩል፥ ከጉልበት እስከ ደረት ማንሣት። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፥ ሁለት ዙር ይሥራ። ደም ቢያስለው፥ ደረቱን ቢወጋው፥ ትኩሳት ቢኖረው ወይም ቢያዞረው ያቁምና ወደ ሐኪም ይሂድ። ከሁለት ወር በኋላ ያን የወንበር ቍጥር እንደገና ይቍጠር፤ ከደብተሩ ጋራ ያስተያየው።

ሻምበል አበበ ቢቂላን ሁላችን የምናነሣው በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ስለ ሮጠ ነው። ከዚያ ያላነሰው ሥራ ግን ኋላ የመጣው ነው። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከማይታዘዙለት በኋላ በ1970 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ገባ። እግሩን ያጣ ሰው ክንዱን አላስተኛም። ሳንባው የደከመ ሰው እግሩን ለምን ያስተኛል?

ለአንተም፥ ደብዳቤውን ለጻፍህልን ወጣት፥ አንድ ቃል አለን። ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ወንበር ላይ ትውላለህ፤ ወደ ቤትህም በባጃጅ ትመለሳለህ። የአክስትህ ልጅ ስትመጣ ማለዳ አብረሃት ውጣ። የመጀመሪያ ቀን ትቀድምህ ይሆናል፤ አትፈር። ብቻዋን እንዳትሮጥ ማድረግህ ለእርሷም ጥበቃ ነው፤ ውሃውንና ጨው ያለበትን መጠጥ አንተ ያዝላት።

አያትህንም አታሳፍራቸው። ቀርበህ በእርጋታ፥ “እማማ፥ ፍርሃትዎ ልክ ነው፤ ሙቀቱ ያሠጋታል፤ ጨውና ውሃዋን እርስዎ ይጠብቁላት” በላቸው። ሥራ ስጣቸው እንጂ ስሕተታቸውን አትንገራቸው። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ “አትድከሚ” የሚለው ቃል ይቅር። በምትኩም ሰው ሁሉ በየቋንቋው የሚያውቀውን ይበላት፤ በአማርኛ “በርቺ”፥ በኦሮምኛም “ጃባዱ”። ሁለቱም ጠንክሪ ማለት ነው፤ ለታመመ ሰው ከአልጋ ይልቅ የሚጠቅመውም ይህ ነው።